አንድ ጣት ያልጎደለ አደራ

የዘይነት ጉድጓድ ውሃ ናፍታ ናፍታ መሽተት ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፎታል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ለሐጂ ሙሀመድየሱፍ የነገራቸው ግን አንድም ሰው የለም።

ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት፣ ሚስታቸው ዘይነት በሞቱ በዓመቱ፣ ሰደቃ ይሁንላት ብለው ነው። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ውሃ በነጻ የሚያስቀዳን ሰው «ሰደቃዎ ይሸታል» ማለት ነውር ሆነ። ስለዚህ ሴቶቹ እንደ ወትሯቸው ጄሪካን ይዘው ይመጣሉ፤ ይቀዳሉ፤ «አላህ ይቀበልዎት»፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ይመርቃሉ፤ ማዕዘኑን እንደታጠፉ ከቦዩ ይደፉታል። የቦዩ ዳር ሣር ከደረቀ ቆይቷል።

በመጨረሻ ብዕር ያነሱት ጡረተኛው መምህር መልካሙ ናቸው። እሳቸውም ስማቸውን አልጻፉም። «የእኚህ ደግ ሰው ስም በክፉ እንዲነሳ ባንፈልግም» ብለው ጀምረው፣ ጉድጓዱ እንዲመረመር ጠይቀው፣ ከታች ምልክት አስቀመጡ፦ «ከመስጊዱ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ በስተግራ፣ አረንጓዴ በር ያለው የጉድጓድ ቤት። በሩ ከዓመት እስከ ዓመት ወደ ውጭ ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር የታሰረ ስለሆነ አረንጓዴነቱ አይታይም።»

ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ዞሮ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያዋ ሰሚሐ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሰሚሐ የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ በር አንድ ነው። ቀለሙ የተቀባ ዕለት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዲስ ቀሚሷን አስነክታ ተገርፋበታለች። ሐጂ ሙሀመድየሱፍ አያቷ ናቸው።

«ሌላ ሰው ይሂድ ካልሽ ይቻላል» አላት አለቃዋ።

«ሌላ ሰው ቢሄድ ምሳ አብልተው ይመልሱታል» አለች።

በነጋታው የአፈር መሰርሰሪያዋን ተሸክማ፣ ጠርሙሶቿን በሣጥን ይዛ ደረሰች። ሐጂ ከጉድጓዱ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«አባባ፣ የመጣሁት ለሥራ ነው።»

«ለሥራ ከሆነ ምሳ አትበይም ማለት ነው?»

«እበላለሁ። መጀመሪያ ጉድጓዱን ልይ።»

«እይው። የሁሉም ነው።»

ሰሚሐ ጠርሙሱን በገመድ አውርዳ አወጣችው። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ቅባት ተዘርግቷል። ወደ አያቷ አፍንጫ አስጠጋችው። ሐጂ በትሕትና አሸተቱ።

«ውሃ ነው» አሉ።

«ናፍታ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ ስንት ዘመን ለጀልባ ናፍታ ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። አፍንጫዬ ናፍታን ዘመድ አድርጎታል። ዘመድ ደግሞ አይሸትም።»

«ይጠጡታል?»

«በየቀኑ ነዋ። የዘይነትን ውሃ ትቼ የማንን ልጠጣ?»

ሰሚሐ ጠርሙሱን ከሣጥኑ አስቀመጠችና በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። አያቷን የምትጦረው አክስቷ መዲና ሽንኩርት ትከትፋለች። ገና ሳትጠየቅ፣ «ከቧንቧ ነው የምቀዳለት» አለች በሹክሹክታ። «በሱ ማሰሮ ገልብጬ አስቀምጥለታለሁ። ዝም በይ።»

«አንቺም ታውቂያለሽ?»

«የማያውቅ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

መዲና ቢላዋዋን አስቀምጣ አየቻት። «የምትነግሪው አንቺ ስላለሽ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሰሚሐ መቆፈር ጀመረች። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከውሃው አጠገብ ሰረሰረች፤ ሽታው ከሁለት ሜትር በታች መጣ። ሁለተኛውን ወደ ጓሮ ጠጋ አድርጋ ሰረሰረች፤ ከሜትር ተኩል ጀመረ። ሦስተኛውን ከአሮጌው መጋዘን ጥግ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር። እዚያ አፈሩ ገና ከላዩ ጠቁሮ፣ በጣት ሲፈተግ ያሟልጫል። በእያንዳንዱ እፍኝ ላይ ስትጎነበስ ሐጂ በርጩማቸውን እየጎተቱ ተከተሏት።

«አምስት ዓመት የተማርሽው አፈር ለማሽተት ነው?»

«አፈር ለማሽተትና ሽማግሌ ለመከራከር።»

«ሁለተኛውን ሳትማሪም ታውቂበት ነበር።»

ሰሚሐ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «አባባ፣ የድሮው የናፍታ ታንከር ከዚህ ነበር አይደል? ሲወጣ ፈስሶ ነበር?»

«መች ወጣ?»

«እንዴ፣ ለብረት ነጋዴ ተሽጧል አልተባለም?»

«እናትሽ ናት ያለችው፤ እኔ አላልሁም። እዚህ ነው ያለው፣ ከመጋዘኑ ወለል ሥር።»

«ባዶውን?»

«ሙሉውን ነው እንጂ» አሉ ሐጂ፤ ሲሉትም ቀና ብለው፣ ጥሩ ልጅ ያሳደገ ሰው ስለ ልጁ ሲጠየቅ እንደሚመልሰው አድርገው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ ወዳጃቸው ሁለት ጀልባ ነበራቸው፤ እህልና ሰው ወደ ጎርጎራ ያመላልሱ ነበር። በ1983 ግንቦት አገሩ ሲታወክ ያላቸውን ናፍታ ሁሉ አምጥተው በሐጂ ታንከር ሞሉት። «እስክመለስ አደራ» ብለው ወደ ሚስታቸው አገር ሄዱ። ጀልባዎቹ አንዷ ተወሰደች፣ አንዷ ሰመጠች። ሐጂም የናፍታ ንግዱን ትተው ወደ ጨርቃ ጨርቅ ዞሩ። ናፍታው ግን አደራ ነውና ማንም እንዳይነካው ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭነው አስቀመጡት።

«ነይ ላሳይሽ» ብለው መጋዘን አስገቧት። ከጣሪያው ወራጅ ላይ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ አወረዱ። ጫፉ አካባቢ በጋለ ብረት የተተኮሰ ምልክት አለበት። «ሀብቴ እያየ የተኮስሁት ነው። ናፍታው እዚህ ድረስ ነበር። በየመስከረሙ ክዳኑን ከፍቼ እለካዋለሁ። ዘንድሮ ሠላሳ አምስተኛዬ ነው፤ የዛሬ አሥር ቀን ለካሁት። አንድ ጣት አልጎደለም።»

ሰሚሐ ዘንጉን ይዛ አገላበጠችው። አፈሩ ጠቁሯል፤ ጉድጓዱ ይሸታል፤ ታንከሩ ግን ሙሉ ነው። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። አያቷ ደግሞ ዋሽተው አያውቁም።

«ይኸ ናፍታ መመጠጥ አለበት» አለች።

«ባለቤቱ ሳይመጣ?»

«ባለቤቱ ሠላሳ አምስት ዓመት አልመጣም። የትስ እንዳለ ይታወቃል?»

«ሐሙሲት።»

ሰሚሐ ዘንጉን ከግድግዳው አስደገፈችው። «ሐሙሲት? በሚኒባስ የአንድ ሰዓት መንገድ የማይሞላ? ሐሙሲት ያለ ሰው ነው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚጠበቀው?»

«ምን ብዬ ልጥራው? ብጠራው ‹አደራህ ከበደኝ› ያልሁት አይመስለውም?»

«እሺ፣ ናፍታው ይቆይ። ጉድጓዱ ግን ይዘጋ። የጠርሙሶቹ ውጤት ሐሙስ ይወጣል፤ ዓርብ ሰዎች መጥተው በሩን በሰንሰለት ያሽጉታል፣ ቀይ ወረቀት ይለጥፉበታል። መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል። ከዚያ በፊት እርስዎ በእጅዎ ይዝጉት።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይህን የሚያደርጉት ሲከፉ ብቻ ነው። «ሰደቃ አይዘጋም፣ ሰሚ። ውሃው እስከተቀዳ ድረስ አጅሩ፣ የአላህ ምንዳው፣ ለሷ ይደርሳታል። ለዘይነት የሰራሁላት እሱን ብቻ ነው፤ በሕይወቷ ሳለች ምንም አላደረግሁላትም፣ ስሸጥ ስለውጥ ነው የኖርሁት። አሁን በገዛ እጄ ልቁረጥባት? ማሸግ ከፈለጉ እነሱ ያሽጉ። እኔን ግን ዝጋ አትበይኝ።»

ምሳው ቀረበ። ሰሚሐ በልታ ሄደች።

በነጋታው ረቡዕ ማለዳ የጥርስ ሳሙና የመሰለች አንዲት ትንሽ ቱቦ ይዛ ተመለሰች። በማደያ የሚሠራ የክፍል ጓደኛዋ የሰጣት ቅባት ነው፤ ማደያዎች ነዳጃቸው ውስጥ ውሃ መግባቱን የሚያውቁበት። ነጭ ነው፤ ናፍታ ቢነካው ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ውሃ ሲነካው ቀይ ይሆናል። ይህንኑ ለአያቷ አስረዳች። ከዘንጉ ጫፍ እስከ ተተኮሰችው ምልክት ድረስ ቀባችው።

«እንደ ሁልጊዜው አድርገው ይለኩት» አለች።

ሐጂ ድንጋዩን አነሱ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ቢስሚላህ ብለው ዘንጉን እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው አወረዱት። ታች ሲነካ ሦስት ቆጠሩ። ሲያወጡት መጀመሪያ ያዩት እርጥቡ የቆመበትን ነው። ከምልክቱ ትክክል። ፊታቸው ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። ዘንጉ ከሥሩ ጀምሮ በደም የተነከረ መስሎ ቀልቷል፤ ነጭ የቀረው ከምልክቷ በታች አራት ጣት ያህል ብቻ ነው።

«ቀዩ ውሃ ነው?» አሉ።

«ውሃ ነው።»

«ነጩ?»

«ናፍታ። አራት ጣት።»

ሰሚሐ አብራርታ ነገረቻቸው፤ ማለስለስ አታውቅበትም። ብረቱ ዝጎ ጎኑ ተበስቷል። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ከመሬት ውስጥ ውሃ ይገባል። ውሃ ከባድ ነው፤ ከታች ይተኛል፣ ናፍታውን ሽቅብ ይገፋዋል። በጋ የመሬቱ ውሃ ሲሸሽ ከቀዳዳው በላይ የተገፋው ናፍታ ይፈሳል። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ እንዲሁ። «እርስዎ ሁልጊዜ የሚለኩት በመስከረም፣ ሐይቁ ሲሞላ ነው። ታንከሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አንድ ጊዜ በግንቦት ለክተውት ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር።»

«በግንቦት ነው ያስቀመጠው» አሉ ሐጂ። «በግንቦት ስለካው ቢያየኝ ዓመቱን የምቆጥርበት ይመስለዋል ብዬ ነው።»

ዘንጉን በትከሻቸው ጨርቅ ጠረጉት። ቀዩ አልለቀቀም።

«እኔ ውሃ ስጠብቅ ነዋ የኖርሁት።»

«አዎ።»

«ናፍታውስ የት ሄደ?»

ሰሚሐ በመጋዘኑ በር ወደ ጉድጓዱ ቤት ተመለከተች። ሐጂ ዓይኗን ተከትለው አዩ፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ አልነቀሉትም።

«ጋቢዬን አምጪልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሐሙሲት እንሄዳለን።»

«ስልክ እኮ አለ፣ አባባ።»

«አደራ በላሁ ተብሎ በስልክ አይወራም።»

ዘንጉ ካልሄደ አልሄድም አሉ። የሚኒባሱ ረዳት ዘንጉንና ሽማግሌውን አፈራርቆ አየና፣ «አባ፣ ይኸ ነገር ይታጠፋል?» አለ።

«እንደኔ ነው፤ ቢሰበር እንጂ አይታጠፍም» አሉት። ጣሪያ ላይ ታሰረ። የአባይን ድልድይ ተሻግረው ሐሙሲት እስኪደርሱ ሐጂ ከመቁጠሪያቸው ቀና አላሉም።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ልጃቸው ወለላ ከምትነግድበት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አውቶቡስ ሲያልፍ ያያሉ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ በሌላው መጀመሪያ ያዩት ወዳጃቸውን ሳይሆን ዘንጉን ነው። ተነሱ። ተቃቀፉ። ሰላምታው ተጀመረ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወለላ ልጆች፣ ስለ መዲና ጉልበት፣ ስለ ላሟ። ሰሚሐ ሻይዋን ጨረሰች። ገና ላሟ ላይ ናቸው።

«አባባ» አለች።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሀብቴ፣ አደራህን በላሁት።»

«የምን አደራ?»

«ናፍታህን።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ በደህናው ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩአቸው። «አሁንም አለ እንዴ?»

«አራት ጣት አለ። ሌላው ውሃ ሆኗል።»

«እኔ እኮ ዱሮ ሸጦታል ብዬ ነበር የማስበው። በዚያ ችግር ዘመን ልጆቹን አብልቶበታል፣ ደግ አደረገ እል ነበር።»

«ሳትነግረኝ እሸጠዋለሁ?»

«እንዴት ልንገርህ? ስንት ሠርግ፣ ስንት ለቅሶ ላይ ተገናኘን። ለዘይነት ለቅሶ ሦስት ቀን ቤትህ ስቀመጥ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። ‹ያ ናፍታስ› ብልህ የተጠራጠርሁህ ይመስልሃል ብዬ ተውሁት።»

«እኔም ብጠራህ የከበደኝ ይመስልሃል ብዬ።»

ወለላ ብርጭቆ እየሰበሰበች ቆመች። «እናንተ ናችሁ» አለች፣ «ሽማግሌ ተብላችሁ የሰው ጠብ የምታስታርቁት?»

ሰሚሐ የቀረውን ተናገረች፤ ቀዳዳውን፣ አፈሩን፣ ጉድጓዱን። አቶ ሀብተ ሥላሴ ጉድጓዱ ሲነሳ አንገታቸውን ደፉ።

«የዘይነትን ውሃ ያበላሸሁት እኔ ነኝ በለኛ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኧረ ተው፣ የኔ ነው። ጠባቂው እኔ።»

«የለም፣ ያመጣሁት እኔ።»

«አልሁህ እኮ፣ የኔ ነው።»

የሻይ ሒሳብ ልክፈል ልክፈል የሚባባሉ ይመስላሉ። ሰሚሐ ትዕግሥቷ አለቀ። «ጥፋቱ የቀዳዳው ነው» አለች። «አሁን ይመጠጥ ወይስ አይመጠጥ?»

«ይመጠጥ እንጂ» አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። «አራት ጣቱም ይመጠጥ። ከዛሬ ጀምሮ አደራዬን መልሼ ተቀብያለሁ፣ ሙሀመድ።» ቀጥለውም ለራሳቸው ሳቅ አሉ። «ዘይነት ብትኖር ይኸ ሁሉ አይሆንም ነበር። ገና በሸተተ ዕለት ባልዲውን እግርህ ሥር ትደፋው ነበር። ትዝ ይልሃል? ትንሿን ጀልባዬን ሰው ሁሉ ‹እንደ ጥሩ አሳ ትዋኛለች› ሲለኝ፣ ‹ይቺ ጀልባ ትሰምጣለች› ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ሰመጠች» አሉ ሐጂ።

«ሰመጠች።»

ዘንጉን ሐሙሲት ተዉት። አቶ ሀብተ ሥላሴ ለማስታወሻ ፈልገውት ነው፤ ወለላ ወዲያው ጨርቅ ሰቀለችበት።

በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ሐጂ ወደ ሰሚሐ ዞር ብለው፣ «ስንት ሰው ጠጣው?» አሉ።

ሰሚሐ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባት። «ማንም አልጠጣውም፣ አባባ። እየቀዱ ከቦዩ ይደፉታል። እርስዎም አልጠጡትም። አክስቴ መዲና የቧንቧ ውሃ እየገለበጠች ነው የምታስቀምጥልዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ክረምት።»

ሐጂ በመስኮቱ የሩዝ ማሳውን ሲያዩ ቆዩ። ሰሚሐ የተቆጡ መስሏት ነበር፤ ስታያቸው ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይስቃሉ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ሳቁ ቀረ።

«እንግዲያ ጉድጓዱ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«በሩ ብቻ ነው የቀረው።»

«ታንከሩ ሲወጣ ይጠራል?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ታንከሩም ይወጣል፣ የጠቆረውም አፈር ይወጣል። ውሃው ግን ዓመታት ይፈጃል። ላይጠራም ይችላል። አላውቅም።»

«አላውቅም» ብለው ደገሙት ሐጂ፤ እጇንም ያዙ። «ከዘይነት ወዲህ ይህን ቃል የነገረኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሲደርሱ የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ሊደርስ ነበር። ከጉድጓዱ ቤት ውስጥ ጎረቤታቸው ፈይዛ ባልዲውን እያወረደች ነበር። ሐጂን ስታይ «አላህ ይቀበልዎት» አለች።

«ፈይዛ፣ ይሸታል አይደል?»

ፈይዛ ሰሚሐን አየች፤ ከጓሮ ብቅ ያለችውን መዲናን አየች።

«ትንሽ» አለች።

«ትንሽ ነው?»

«ብዙ ነው፣ ሐጂ።»

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ። መዲና፣ የዚችን ጄሪካን ከቧንቧው ሙይላት። ነገም የሚመጣውን ሁሉ በግቢው በር አስገቢው። ቧንቧው በሚመጣበት ቀን በርሜሉን እንሞላለን፤ ባልሞላበት ቀን የለም እንላለን።» ቆም ብለው ጨመሩ፣ «አፍ አውጥተን እንላለን።»

ብቻቸውን ወደ ጉድጓዱ ቤት ገቡ። ባልዲውን ከገመዱ ፈቱ። ገመዱን እየሰበሰቡ ትከሻቸው ላይ ጠመጠሙት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሰሚሐ ከውጭ አየች፤ ዱዓ ያድርጉ ወይ ለዘይነት ያስረዱ አልሰማችም፤ ለመስማትም አልተጠጋችም።

ባልዲውን ይዘው ወጡ። በሩ ከግድግዳው ጋር የታሰረበትን ሽቦ መፍታት ጀመሩ። ሽቦው ዝጓል፤ አልላላ ይላቸዋል። ሰሚሐ ልትረዳ ስትጠጋ በክንዳቸው መለሷት። ሽቦው ለቀቀ። ማጠፊያው እየጮኸ በሩ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ አሥራ አምስት ዓመት ፀሐይ ያልነካው አረንጓዴ ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል። ዝቅ ብሎ፣ በልጅ ቁመት ልክ፣ የቀሚስ ጨርቅ የነካው ቦታ ፈዝዞ ይታያል። ሐጂ ያንን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ በሩን ገፍተው ዘጉት።